ስንቅ፣ ሰነድና ስንብት፦ ከዴንቨር አካባቢ ወደ አገልግሎት ካምፕ የሚሄዱ ወጣቶች ምን ይያዙ?

ከኮሜርስ ሲቲ፣ ከአውሮራ ወይም ከዴንቨር ተነሥቶ በአሜሪካ የወጣቶች አገልግሎት ለመሰማራት የተመዘገበ ልጅ፣ ጉዞው ሲቃረብ ከሚቀበለው ተቋም አንድ ዝርዝር ይደርሰዋል። የእንቅልፍ ከረጢት፣ ቦት ጫማ፣ የዝናብ ልብስ፣ በግንባር የሚታሰር ባትሪ፣ የውኃ መያዣ፣ የፀሐይ መከላከያ ቅባት። ዝርዝሩ አብዛኛውን ጊዜ በጥንቃቄ የተዘጋጀ ነው። ሆኖም የተጻፈው ለማንኛውም አሜሪካዊ ወጣት እንጂ ግሪን ካርድ ለያዘ፣ ረቡዕና ዓርብ ለሚጾም፣ እናቱን ሐኪም ቤት ይዞ እየሄደ ለሚያስተረጉም ልጅ አይደለም።

የእንቅልፍ ከረጢቱን የረሳ ልጅ ከጓደኛው ይዋሳል፤ አለዚያም ይገዛል። የመታወቂያው ስም ከሌላው ሰነዱ ጋር ያልተስማማለት፣ እግሩ በመጀመሪያው ሳምንት ውኃ የቋጠረ፣ ወይም ቤተሰቦቹ ወዴትና ለምን እንደሄደ በውል ያልተረዱለት ልጅ ግን በመዋስ የሚወጣው ችግር አይደለም የሚገጥመው። ይህ ጽሑፍ የሚያተኩረው በእነዚህ ላይ ነው።

ቃሉ የሚያስደነግጣቸው ወላጆች

“ብሔራዊ አገልግሎት፣ የደንብ ልብስ፣ ካምፕ” የሚሉት ቃላት በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሲገናኙ በአንዳንድ ኢትዮጵያውያን ወላጆች ጆሮ የሚሰጡት ትርጉም ልጆቻቸው ከሚሰሙት የተለየ ነው። ደርግ በ1975 ዓ.ም. የብሔራዊ ውትድርና አገልግሎት አዋጅን ካወጣ በኋላ ከ18 እስከ 30 ዓመት ያሉ ወጣቶች ለስድስት ወር ሥልጠናና ለሁለት ዓመት አገልግሎት ይጠሩ ነበር። ጥሪው ባልሠራበት ቦታ አፈሳ ነበር። በገበያ፣ በመንገድ፣ በትምህርት ቤት ደጃፍ ተይዘው የተወሰዱ ልጆችን የሚያስታውስ ትውልድ ዛሬ በአውሮራ የልጅ ልጆቹን ያሳድጋል። ከኤርትራ ለመጡ ጎረቤቶቻችን ደግሞ ቃሉ ሳዋን ያስታውሳል።

ከዚያ ቀደም ያለው ትዝታ የተደባለቀ ነው። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ በ1957 ዓ.ም. የተጀመረው የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ ሰርቪስ ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ፣ በአብዛኛው በመምህርነት፣ እንዲያገለግሉ ያስገድድ ነበር። ታኅሣሥ 12 ቀን 1967 ዓ.ም. የተከፈተው የእድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻም ወደ 60,000 የሚጠጉ ተማሪዎችንና መምህራንን በመላ አገሪቱ አሰማርቷል። ያልዘመተ ተማሪ ትምህርቱን መቀጠልም ሥራ መያዝም አይችልም ነበር። በዚያ ዘመቻ ፊደል ያስቆጠሩ፣ ጉድጓድ የቆፈሩ፣ የመሬት አዋጁን ለገበሬ ያስረዱ ሰዎች ዛሬ በስልሳዎቹና በሰባዎቹ ዕድሜ ላይ ናቸው። ከፊሎቹ ስለዚያ ዘመን በፈገግታ ያወራሉ፤ ከፊሎቹ ጓደኞቻቸውን ያጡበት ስለሆነ ጨርሶ አያነሡትም።

ስለዚህ የመጀመሪያው ዝግጅት ቁጭ ብሎ ማስረዳት ነው። የአሜሪካው የወጣቶች አገልግሎት ውትድርና አይደለም። የጦር መሣሪያ የለበትም፤ የሚገባው በፈቃድ ነው፤ ማቋረጥ የሚፈልግ ያቋርጣል። የሚሠራው ዱካ መጥረግ፣ ለሰደድ እሳት የሚያጋልጥ ደረቅ ቁጥቋጦ ማስወገድ፣ ከጎርፍና ከአውሎ ነፋስ በኋላ ቤት ማጽዳት፣ በትምህርት ቤት ማገዝ ነው። ልጁ ይህን በአማርኛ መግለጽ የሚከብደው ከሆነ አጎት፣ አክስት ወይም የንስሐ አባት አጠገቡ ቢቀመጡ ይረዳል። “ሰመር ካምፕ ነው” ብሎ ማለፍ ግን አይመከርም፤ ወላጅ ከሁለት ሳምንት በኋላ ልጁ መጋዝ ይዞ የተነሣውን ፎቶግራፍ ሲያይ ነገሩ ይበላሻልና።

ለሚጠራጠር ወላጅ የሚነገር አንድ የሚያገናኝ ታሪክ አለ። እ.አ.አ. በ1962 ወደ 300 የሚጠጉ የአሜሪካ የሰላም ጓድ መምህራን ኢትዮጵያ ሲገቡ የመሯቸው ሃሪስ ዎፎርድ የሚባሉ ሰው ነበሩ። የዛሬዎቹ ብዙ አያቶች እንግሊዝኛና ሒሳብ የተማሩት ከእነዚያ ወጣቶች ነው። ዎፎርድ ቆይተው የፔንሲልቬንያ ሴናተር ሆኑ፤ ከ1995 እስከ 2001 ደግሞ አሜሪኮርፕስን የሚያስተዳድረውን የፌዴራል ተቋም መሩ። በኢትዮጵያ ገጠር ያስተማሩትን አሜሪካውያን የመራው ሰውና ዛሬ የኢትዮጵያውያን ልጆች የሚመዘገቡበትን አገልግሎት የመራው ሰው አንድ ነው።

የትኛው መርሐ ግብር?

አሜሪኮርፕስ የአንድ ካምፕ ስም ሳይሆን የብዙ መርሐ ግብሮች ጥላ ነው። ሕጉን ፕሬዚዳንት ክሊንተን የፈረሙት እ.አ.አ. በመስከረም 1993 ነበር። ከሥሩ ካሉት አንዱ በእንግሊዝኛ ምኅጻሩ ኤን ሲ ሲ ሲ የሚባለው ብሔራዊ ሲቪል ኮሚዩኒቲ ኮርፕስ ሲሆን፣ ከ18 እስከ 26 ዓመት ያሉ ወጣቶች አሥር ወር ገደማ አብረው እየኖሩ፣ በቡድን ሆነው ከግዛት ግዛት እየተዘዋወሩ የሚያገለግሉበት ነው። ከአገሪቱ ጥቂት ካምፓሶች አንዱ ለረጅም ዓመታት በዴንቨር አካባቢ ነበር። ሐሳቡ የተወረሰው በታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ዘመን፣ ከ1933 እስከ 1942፣ ሥራ ያጡ ወጣቶችን በካምፕ ካሰባሰበው የሩዝቬልት የሲቪል ጥበቃ ኮርፕስ ነው። ከዴንቨር በስተምዕራብ በቀይ ዐለቶች መካከል የተሠራውንና በ1941 የተመረቀውን የሬድ ሮክስ ቲያትር ድንጋይ የተሸከሙት የዚያ ኮርፕስ ልጆች ናቸው።

ኤን ሲ ሲ ሲ ሲነሣ ግን የ2025ቱ ነገር መታለፍ የለበትም። እ.አ.አ. በሚያዝያ 2025 አጋማሽ የፌዴራል መንግሥቱ ወጪ ቅነሳ በአሜሪኮርፕስ ላይ ሲያርፍ፣ በየክልሉ በሥራ ላይ የነበሩ በብዙ መቶዎች የሚቆጠሩ የኤን ሲ ሲ ሲ አባላት ሥራቸውን አቁመው ወደየቤታቸው እንዲመለሱ በድንገት ተነገራቸው። ለብዙዎቹ አገልግሎቱ ደመወዝ ብቻ ሳይሆን መኝታም ምግብም ነበር። ቤት ተከራይቶ የተወ፣ መኪናውን የሸጠ ልጅ በቀናት ውስጥ መግቢያ መፈለግ ነበረበት። ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት ቀላል ነው፦ መመዝገቢያው ክፍት መሆኑን፣ የዘንድሮው ገንዘብ የተፈቀደ መሆኑን፣ መርሐ ግብሩ ቢቋረጥ የመመለሻ ትኬቱን የሚከፍለው ማን እንደሆነ ከመፈረም በፊት በጽሑፍ መጠየቅ።

ከቤት እጅግ ሳይርቁ ማገልገል ለሚሹ በኮሎራዶ ሌላ በር አለ። በዴንቨር ያለው ማይል ሃይ ዩዝ ኮርፕስ፣ በፎርት ኮሊንስ አካባቢ ያለው የላሪመር ካውንቲ ጥበቃ ኮርፕስ፣ በስቲምቦት ስፕሪንግስ ያለው የሮኪ ማውንቴን ዩዝ ኮርፕስ ወጣቶችን ለተፈጥሮ ጥበቃ ሥራ ያሰማራሉ። ከቡድኖቻቸው አንዳንዶቹ ማታ ማታ ወደ ቤት ይመለሳሉ፤ ሌሎቹ ስምንት ወይም ዘጠኝ ቀን በተራራ ላይ በድንኳን አድረው ለጥቂት ቀናት ዕረፍት ይወርዳሉ። ከቤቱ ወጥቶ አድሮ ለማያውቅ ልጅ የመጀመሪያውን ዓይነት እመርጥለታለሁ። አሥር ወር ሙሉ ከመሄድ ይልቅ በአንድ በጋ ራስን መፈተን ይሻላል።

ከቦርሳው በፊት ሰነዱ

በፌዴራል ደንብ መሠረት የአብዛኞቹ የአሜሪኮርፕስ መርሐ ግብሮች አባል መሆን የሚችለው የአሜሪካ ዜጋ ወይም ሕጋዊ ቋሚ ነዋሪ፣ ማለትም ግሪን ካርድ ያለው ሰው ነው። የጥገኝነት ማመልከቻው ገና በመታየት ላይ ያለ ወይም በጊዜያዊ ከለላ የሚኖር ሰው የሥራ ፈቃድ ቢኖረውም ይህ መመዘኛ አያሟላለትም። ይህን ቀድሞ ማወቅ ከከንቱ ልፋት ያድናል።

በሌላ በኩል ዜጋ መሆናቸውን የማያውቁ ወጣቶች አሉ። ከ2001 ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው የልጆች ዜግነት ሕግ መሠረት፣ ግሪን ካርድ ያለው ልጅ 18 ዓመት ሳይሞላው ከወላጆቹ አንዱ ዜግነት ካገኘ፣ ልጁም አሜሪካ ውስጥ በዚያው ወላጅ ሕጋዊና ተጨባጭ አሳዳጊነት ሥር የሚኖር ከሆነ፣ ያለ ቃለ መሐላና ያለ ፈተና ዜጋ ይሆናል። ልጁ በኪሱ ግሪን ካርድ ይዞ ቢዞርም በሕግ ፊት ዜጋ ነው፤ ማረጋገጫውም ፓስፖርት ማውጣት ነው። ከጉዞው በፊት የእናትና የአባትን የዜግነት ምስክር ወረቀት ቀን ከልጁ የልደት ቀን ጋር ማስተያየት ዐሥር ደቂቃ አይፈጅም።

በእኛ ሰነዶች ላይ ተደጋግሞ የሚታየው ሌላው እንቅፋት የስም ጉዳይ ነው። የአባት ስም እንደ ቤተሰብ ስም ስለሚወሰድ የእናትና የልጅ ስም አይገናኝም። ጸሐይ በአንዱ ወረቀት ላይ በአንድ ዓይነት፣ በሌላው ላይ በሌላ ዓይነት የላቲን ፊደል ተጽፋለች። የልደት ቀን ከኢትዮጵያ አቆጣጠር ሲመለስ በቀናት፣ አንዳንዴም በዓመታት ተዛንፏል። አገልግሎቱ የጣት አሻራ ምርመራንና የቀድሞ ታሪክ ማጣራትን ስለሚጠይቅ ልዩነቱ ጉዳዩን ሊያጓትት ይችላል። የግሪን ካርዱን ወይም የፓስፖርቱን፣ የሶሻል ሴኩሪቲ ካርዱን፣ የመንጃ ፈቃዱንና የትምህርት ማስረጃውን ጎን ለጎን አስቀምጦ ፊደል በፊደል ማመሳከር፣ የማይስማማ ነገር ካለም ማመልከቻው ላይ የሌላውን አጻጻፍ አብሮ ማስፈር ይገባል።

ዕድሜው 18 የሞላ የግሪን ካርድ ባለቤት ካርዱን ሁልጊዜ ከእጁ እንዳይለይ ሕጉ ያዛል። ስለዚህ “እንዳይጠፋ እቤት ይቀመጥ” የሚለው የእናቶች ምክር እዚህ ላይ አይሠራም። እቤት የሚቀረው ቅጂው ነው፤ ካርዱ ውኃ በማያስገባ ከረጢት ተጠቅልሎ ከልጁ ጋር ይሄዳል። መኖሪያ አድራሻው ከተቀየረም ዜጋ ያልሆነ ሰው በ10 ቀናት ውስጥ ለኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱ የማሳወቅ ግዴታ አለበት፤ ይህም በኢንተርኔት የሚሞላ ቅጽ ነው።

ከሰነዱ ጋር አብሮ የሚነሣ፣ ወላጆች በግልጽ ማውራት የሚያፍሩበት ጉዳይም አለ። ኮሎራዶ በ2012 በሕዝብ ድምፅ ማሪዋናን ፈቅዳለች፤ ከ2014 ጀምሮም 21 ዓመት ለሞላው ሰው በየመንገዱ በግልጽ ይሸጣል። በፌዴራል ሕግ ግን አሁንም የተከለከለ ነው። ካምፖች ምርመራ ሊያደርጉና የተገኘበትን ሊያሰናብቱ ይችላሉ። ከዚህ የሚከፋው ግን በዜግነት ላይ የሚያመጣው ጣጣ ነው። የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱ በ2019 ባወጣው መመሪያ በክልሉ ሕግ የተፈቀደ የማሪዋና አጠቃቀምም ሆነ በማሪዋና ንግድ ውስጥ መቀጠር ለዜግነት የሚጠየቀውን የመልካም ሥነ ምግባር መመዘኛ ሊያሳጣ እንደሚችል አስታውቋል። ዜጋ የሆነ የቡድን ጓደኛ በቀልድ የሚያልፈው ነገር ግሪን ካርድ ለያዘው ልጅ የዓመታት መዘዝ ሊሆን ይችላል። ይህ ልጁ ከመሄዱ በፊት በግልጽ ሊነገረው የሚገባ ነው።

ስለ ጤና ሰነድ አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። አንዳንድ ተቋማት የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ ይጠይቃሉ። ኢትዮጵያ ውስጥ የተወለደ ልጅ አብዛኛውን ጊዜ በሕፃንነቱ ቢሲጂ የተባለውን ክትባት ወስዷል፤ ክትባቱ ደግሞ በክንድ ቆዳ ላይ የሚደረገውን ምርመራ በሽታው ሳይኖር “አለ” ሊያስብለው ይችላል። ለሐኪሙ ክትባቱን ተናግሮ በደም የሚደረገውን ምርመራ መጠየቅ አላስፈላጊ ድንጋጤን ያስቀራል። የቴታነስ ክትባት ዘመኑ ያላለፈበት መሆኑንም በዚያው ማየት ነው።

እግር፣ ጋቢና ሽሮ

አሁን ወደ ቦርሳው እንምጣ። ቦርሳ ሲዘጋጅ ከሁሉ የሚከብደው ጫማ ነው፤ ብዙ ልጅ ግን ቀለል አድርጎ የሚያየው እሱኑ ነው። አዲስ ቦት ጫማ ለብሶ ካምፕ የሚገባ ሰው በሦስተኛው ቀን ያነክሳል። ጫማው ቢያንስ ከአንድ ወር በፊት ተገዝቶ፣ በወፍራም ካልሲ ተለክቶ፣ በእግር ላይ ተለማምዶ መሄድ አለበት። ለዚህ ልምምድ የኮሜርስ ሲቲ ልጆች ሩቅ መሄድ አያስፈልጋቸውም። በከተማው ዳር ያለው የሮኪ ማውንቴን አርሰናል የዱር እንስሳት መጠለያ መግቢያው በነጻ ነው፤ በሐይቆቹ ዙሪያም ምቹ የእግር መንገዶች አሉት። ቦታው ራሱ ታሪክ አለው። በ1942 ገበሬዎች ከመሬታቸው ተነሥተው የኬሚካል ጦር መሣሪያ ፋብሪካ የተተከለበት፣ በኋላም ፀረ ተባይ መድኃኒት የተመረተበት መርዘኛ መሬት ነበር። በ1992 በወጣ ሕግ መጠለያ እንዲሆን ተወሰነ፤ ለዓመታት ተጸድቶ በ2007 ጎሽ መሰሎቹ የአሜሪካ ባይሰኖች ተመለሱበት። ዛሬ 15,000 ኤከር ገደማ ነው። አሥር ኪሎ ያህል ጭነው፣ አዲሱን ጫማ አድርገው በሳምንት ሦስት ቀን ሁለት ሰዓት ቢመላለሱበት እግርም ትከሻም ይለምዳል። ባይሰኖቹን ከሩቅ ማየት ነው።

ከፍታው ለብዙ አሜሪካዊ አዲስ መጤ ችግር ነው። ዴንቨር 1,609 ሜትር ላይ ናት፤ አዲስ አበባ ከሷ በ700 ሜትር ገደማ ትበልጣለች። ነገር ግን አውሮራ ተወልዶ ያደገ ልጅ የእናቱን የእንጦጦ ሳንባ አልወረሰም። በኮሎራዶ ተራሮች ላይ ያሉ የሥራ ቦታዎች ከ3,000 ሜትር በላይ ሊሆኑ ይችላሉ። በዚያ ከፍታ በሰኔም ሌሊቱ ይበርዳል፤ በጋ ላይ ከቀትር በኋላ መብረቅና በረዶ የቀላቀለ ዝናብ የተለመደ ነው። ውኃ አብዝቶ መጠጣት፣ የመጀመሪያዎቹን ቀናት ቀስ ብሎ መሥራት፣ ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ሲመጣ ሳያፍሩ መናገር ያስፈልጋል።

እናቶች ጋቢ ማሸግ ይወዳሉ። ጋቢ ለካምፓስ መኝታ ቤት ግሩም ነው፤ ለድንኳን ግን አይሆንም። ጥጥ ሲርስ ይከብዳል፣ ሙቀት አይዝም፣ በተራራ ላይ ደግሞ በቀላሉ አይደርቅም። ካልሲም የውስጥ ልብስም ከሱፍ ወይም ፈጥኖ ከሚደርቅ ጨርቅ ቢሆን ይመረጣል። እነዚህ ነገሮች አዲስ ሲገዙ ውድ ናቸው፤ በዴንቨር አካባቢ ባሉ ያገለገሉ ዕቃዎች መሸጫ ሱቆች ግን የሱፍ ሹራብና የዝናብ ጃኬት በርካሽ ይገኛል። ጫማና ካልሲ ብቻ አዲስ ይገዛ። የደንብ ልብሱን፣ አንዳንዴም የሥራ ጫማውን ተቋሙ ራሱ ስለሚሰጥ መጀመሪያ መጠየቅ ነው። ለሴቶች ልጆች፦ የራስ መከላከያ ሄልሜት ቀኑን ሙሉ ስለሚደረግ ከመሄድ በፊት ጠፍጣፋ ሹሩባ መሠራት ፀጉርን ከመጎሳቆል ያድናል፤ ወፍራምና ከፍ ያለ አሠራር ግን ሄልሜቱን በትክክል እንዳይቀመጥ ያደርጋል።

በስንቅ ጉዳይ ኢትዮጵያዊ ማንንም አይቀናም። አባቶቻችን ለዘመቻ ሲነሡ የሚይዙት በሶ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ቋንጣና ድርቆሽ ዛሬ በስፖርት ዕቃ መሸጫ በውድ ዋጋ ከሚሸጠው የተራራ ምግብ የሚያንሱበት ነገር የለም፦ ቀላል ናቸው፣ አይበላሹም፣ ኃይል ይሰጣሉ። ካምፕ ውስጥ ቡድኑ በተመደበለት አነስተኛ ገንዘብ ምግቡን ራሱ ገዝቶ በተራ ስለሚያበስል አንድ ኪሎ ሽሮና ትንሽ በርበሬ የያዘ ልጅ በተራው ቀን ይመሰገናል። ሽሮ ውኃ፣ ዘይትና እሳት ካገኘ ሌላ አይፈልግም። በጾም ቀንም መፍትሔ ነው።

ጾሙን በተመለከተ ለቡድን መሪው አስቀድሞ መናገር ከሁሉ ይበልጣል። “ቪጋን ነኝ” ማለት ለምግብ ግዢው ይጠቅማል፤ ግን እስከ ስንት ሰዓት ምንም እንደማይቀመስ፣ ዐቢይ ጾም 55 ቀን መሆኑን፣ ሙስሊም ለሆነው ልጅ ደግሞ በረመዳን ቀኑን ሙሉ ውኃም እንደማይጠጣ ካልተነገረው መሪው ሊያውቅ አይችልም። በጠራራ ፀሐይ መጋዝ ይዞ የሚሠራ ሰው ውኃ አለመጠጣቱ ለራሱም ለጓደኞቹም አደጋ ስለሚያመጣ፣ በእነዚያ ቀናት የትኛው ሥራ እንደሚሻል አብሮ መምረጥ ይቻላል። ከቤት ሳይወጡም የሃይማኖት አባትን ማማከር የልጁን ኅሊና ያሳርፋል።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ በኮሎራዶ ተራሮች ላይ ጥቁር ድቦች አሉ፤ አፍንጫቸው ከውሻ ይበልጣል። በርበሬም ይሁን ቋንጣ፣ ከረሜላም ይሁን የጥርስ ሳሙና፣ ሽታ ያለው ነገር ሁሉ ድንኳን ውስጥ አይታደርም። ድብ በማይከፍተው ዕቃ ውስጥ ገብቶ ከመኝታ ርቆ ይቀመጣል። እናት በቦርሳው ጎን ኪስ በድብቅ የወሸቀችው ዳቦ ቆሎም ይቆጠራል።

የቤቱ አስተርጓሚ ሲሄድ

ተቋሙ በሚልከው ዝርዝር ውስጥ የማይገኝ፣ በእኔ ግምት ግን ከሁሉ የሚከብደው ዝግጅት ልጁ ትቶት በሚሄደው ቤት ውስጥ ያለው ነው። በብዙ የስደተኛ ቤተሰቦች ትልቁ ልጅ የቤቱ ጸሐፊ ነው። የመብራት ክፍያውን በስልኩ የሚከፍለው፣ ከትምህርት ቤት የሚመጣውን ደብዳቤ የሚያነበው፣ አባቱ ስኳሩን ሲለካ ለሐኪሙ የሚያስረዳው እሱ ነው። እንዲህ ያለ ልጅ ተራራ ላይ፣ ስልክ በማይሠራበት ቦታ ዘጠኝ ቀን ሲቆይ ቤቱ ይጨልማል። ልጁም ይህን ስለሚያውቅ ልቡ አይሰበሰብም፤ ወይ ከመጀመሪያውም አይሄድም።

ስለዚህ ከጉዞው አንድ ወር በፊት ሥራውን ማስረከብ ያስፈልጋል። የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበሉ ሆስፒታሎችና ክሊኒኮች እንግሊዝኛ ለማይናገር ታካሚ ያለ ክፍያ አስተርጓሚ ማቅረብ ግዴታቸው ነው፤ አስተርጓሚውም በስልክ ወይም በቪዲዮ ሊሆን ይችላል። ልጁ ከመሄዱ በፊት ከወላጆቹ ጋር አንድ ቀጠሮ ሄዶ፣ ዝም ብሎ ተቀምጦ፣ አስተርጓሚው በአማርኛ ሲሠራ ማየት አለበት። እናትም “አማርኛ፣ አስተርጓሚ እፈልጋለሁ” የሚለውን በእንግሊዝኛ ጽፎ የሰጣትን ካርድ በቦርሳዋ ትይዛለች። ሐኪሞችም በልጅ ማስተርጎምን አይመርጡም፤ ልጅ ፊት የማይነገር ሕመም አለና።

ቀጥሎ የይለፍ ቃሎቹ ናቸው። የጤና መድንና የምግብ እርዳታ የሚያገኙ የኮሎራዶ ቤተሰቦች ፒክ በተባለው የመንግሥት ድረ ገጽ ላይ መለያ አላቸው፤ መለያውን የከፈተውም፣ የማረጋገጫ ቁጥሩ የሚላክለት ስልክም ብዙውን ጊዜ የልጁ ነው። ያ ስልክ ተራራ ላይ ሳለ የዕድሳት ማስታወቂያ ቢመጣ የቤተሰቡ መድን ሊቋረጥ ይችላል። የስልክ ቁጥሩን ወደ ወላጅ ማዛወር፣ የየዕድሳቱን ቀን በግድግዳ ላይ ባለው የቀን መቁጠሪያ ማስፈር፣ የይለፍ ቃሉን በወረቀት ጽፎ ከሰነድ ጋር ማስቀመጥ ነው። ልጁ ከቤት ሲወጣ የቤተሰብ ብዛትና ገቢ ከተለወጠም ለካውንቲው ማሳወቅ ይገባል። ታናሽ እኅት ወይም ወንድም ካለ ከአሁኑ ጎን ለጎን ይለማመድ፤ ሸክሙን ሁሉ ዐሥራ አራት ዓመት በሆነው ልጅ ትከሻ ላይ መጣል ግን ተገቢ አይደለም።

ገንዘቡም በግልጽ ይነገር። አገልግሎቱ የሚከፍለው የኪስ ያህል አበል ነው። እስካሁን በአውሮፕላን ማረፊያው ወይም በመጋዘን ሠርቶ ለቤት ኪራይ ያግዝ የነበረ ልጅ ለእነዚያ ወራት ማገዝ አይችልም። በምላሹ የሚያገኘው የትምህርት ድጎማ ነው፤ ለሙሉ ጊዜ አገልግሎት በ2024 የነበረው መጠን 7,395 ዶላር ነው። ገንዘቡ በእጅ አይሰጥም፤ በቀጥታ ለኮሌጁ ወይም ለትምህርት ብድሩ ይከፈላል። ሰባት ዓመት ያገለግላል፤ ለታናሽ እኅት ማስተላለፍ አይቻልም፤ ጥቅም ላይ በዋለበት ዓመትም እንደ ገቢ ታክስ ይጠየቅበታል። ከአቅም በላይ በሆነ ምክንያት ያቋረጠ ሰው ከአገልግሎት ዘመኑ ቢያንስ 15 በመቶውን ከሠራ እንደሠራው መጠን ሊሰጠው ይችላል፤ ደክሞኛል ብሎ የወጣ ግን ምንም አያገኝም። የፌዴራል የትምህርት ብድር ያለበት ልጅ በአገልግሎቱ ወቅት ክፍያው እንዲዘገይለት ማመልከት ይችላል። “ኮሌጅ ይቅደም” ለሚል ወላጅ ይህ ሒሳብ ከቃል ይልቅ ያስረዳል። ሒሳቡ ባይጥማቸውም መብታቸው ነው፤ ወራቱን ከዩኒቨርሲቲ መግቢያ ጋር አስማምቶ ቦታው እንዲቆይለት ከኮሌጁ በጽሑፍ ማረጋገጫ መውሰድ ግን ሁለቱንም ያስማማል።

የመጨረሻው ጉዳይ የስልክ ነው። ኢትዮጵያዊ እናት ልጇ ሁለት ቀን ካልደወለ ፖሊስ ለመጥራት አትሰንፍም፤ ተራራ ላይ ደግሞ ስልክ አይሠራም። ልጁ ወደ ተራራ የሚወጣባቸውንና የሚወርድባቸውን ቀኖች በኢትዮጵያና በፈረንጅ አቆጣጠር ጽፎ ማቀዝቀዣው ላይ ይለጥፍ፤ ከሥሩም የቡድን መሪውን ስም፣ ተቋሙ ሃያ አራት ሰዓት የሚያነሣውን ስልክ ቁጥርና በቤተሰቡ ውስጥ በእንግሊዝኛ የሚደውለው ሰው ማን እንደሆነ ያስፍር። ከዘጠኙ ቀን በፊት ያ ስልክ የሚደወለው ለአደጋ ብቻ መሆኑንም ከወዲሁ ይስማሙ።